ከሥራ መልስ ለሁለት ሰዓት፦ ቤት አጠገብ የተለቀቀ ትራውት በዝንብ ማጥመድ

የኩሬው_ዳር ጻፈ፦

ሰላም ለሁላችሁም። ከሥራ መልስ ጀምበር እስክትገባ ባለችው ሰዓት፣ ከቤት በእግር የሚደረስ ኩሬ ላይ ዝንብ (ከላባና ከክር ነፍሳት አስመስለው መንጠቆ ላይ የሚያስሩት ማታለያ) ስወረውር አመሸሁ። ከማራቢያ ጣቢያ ሬይንቦ ትራውት የሚባል ዓሣ በየጊዜው እየመጣ የሚለቀቅበት ኩሬ ነው። «ለተለቀቀ ዓሣ ይህን ያህል መድከም ለምን?» የሚል ሰው አይጠፋም። እኔ ግን ይህን አጭር ማጥመድ ከልቤ እወደዋለሁ፤ ስለዚህ ያየሁትን ዘርዘር አድርጌ ላካፍላችሁ።

ስደርስ ሰማዩ ደመናማ ነበር፤ ነፋሱም ቀስ ብሎ ከጀርባዬ ይመጣል። ዘንጉን ከመገጣጠሜ በፊት ቴርሞሜትር በክር አስሬ ውሃው ውስጥ አወረድኩ፤ 13 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አነበበ። ለሬይንቦ ትራውት ግሩም ነው። ከ10 እስከ 16 ዲግሪ ባለው ውሃ በደንብ ይበላል፣ በደንብም ይታገላል። ከ20 ዲግሪ ካለፈ ግን ዘንጌን ሳልገጣጥም ወደ ቤቴ እመለሳለሁ። ንጹህ ውሃ በ10 ዲግሪ በሊትር 11.3 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን መያዝ ሲችል፣ በ20 ዲግሪ ወደ 9.1 ይወርዳል፤ ዓሣው ደግሞ ሙቀቱ ሲጨምር የሚፈልገው ኦክስጅን ይበዛል። በእንዲህ ያለ ውሃ ታግሎ የደከመ ዓሣ፣ በእንክብካቤ ቢለቀቅ እንኳ መትረፉ ያጠራጥራል።

ጊዜው አጭር የሆነበት ሰው ቶሎ መወርወር ያምረዋል። እኔ የምመክረው ተቃራኒውን ነው፤ የመጀመሪያዋን ሩብ ሰዓት ለዓይናችሁ ስጧት። ውሃው ላይ እዚህም እዚያም ክብ ሞገድ ይታይ ነበር፤ ክቡ መሀል ግን አረፋ አልነበረም። ዓሣ ከውሃው ገጽ ላይ ነፍሳት ሲውጥ አየርም አብሮ ስለሚገባ አብዛኛውን ጊዜ አረፋ ትቶ ይሄዳል። አረፋ ሳይኖር ጀርባውና የጅራቱ ጫፍ ብቻ ብቅ ብለው ከጠፉ፣ የሚበላው ከገጹ ጥቂት ጣት ዝቅ ብሎ ነው ማለት ነው። ዳር ላይ ተንበርክኬ ውሃ በመዳፌ ስቀዳ የትንኝ ሙሽሬዎች፣ ማለትም ከእጭነት አልፈው ክንፍ ለማውጣት የተቃረቡ ትንኞች፣ አገኘሁ። ግማሽ ሴንቲ ሜትር ቢሞሉ ነው፤ ሰውነታቸው ጥቁር፣ ራሳቸው ላይ ነጫጭ ጭገር። እየተጠማዘዙ ወደ ላይ ይወጣሉ፣ ደክሟቸው ያርፋሉ፣ ትንሽ ይሰምጣሉ፣ ደግሞ ይነሳሉ።

ቁጥር 16 በሆነ ትንሽ መንጠቆ ላይ የተሠራ ጥቁር የሙሽሬ ዝንብ አሰርኩ። አንዱ ዓሣ ከዳር ጋር ትይዩ እየዞረ ሲመጣ ከፊቱ ሁለት ሜትር ያህል አስቀድሜ ጣልኩለትና ገመዱን ሳልስብ ጠበቅሁ። ሊደሩ፣ ማለትም ገመዱን ከዝንቡ ጋር የሚያገናኘው ቀጭን ክር፣ ውሃው ላይ ተዘርግቶ ተኝቷል። ጫፉ መጀመሪያ ቀጥ አለ፤ ቀጥሎ ወደ ጎን አንድ ስንዝር ተንሸራተተ። ዘንጉን ቀና ሳደርገው ክብደቱ እጄ ላይ መጣ።

መረቡ ውስጥ፣ ከውሃው ሳይወጣ፣ ክንፎቹን አየኋቸው። የጀርባው ክንፍ ጫፉ ተልጦ አጥሯል፤ የደረቱም እንዲሁ። በማራቢያ ጣቢያ የሲሚንቶ ገንዳ ውስጥ ተጨናንቀው ሲያድጉ እርስ በርስ ስለሚነካከሱና ከግድግዳው ጋር ስለሚፋተጉ የሚመጣ ጉዳት ነው። የጅራቱ ዳር ግን እንደገና ማደግ ጀምሯል፤ አዲሱ ክፍል ስስ ነው፣ ብርሃን ያሳልፋል። ይህ ዓሣ ከተለቀቀ ሰንበት ብሏል።

ዋናው ነገሬ እዚህ ላይ ነው። የተለቀቀ ትራውት ለማጥመድ የሚሄድ ሰው «የትኛውን ዝንብ ልሰር?» ከማለቱ በፊት «ዓሣው ከተለቀቀ ስንት ቀኑ ነው?» ብሎ መጠየቅ አለበት። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ዓሦቹ ገንዳ ውስጥ እንደለመዱት በመንጋ ይዞራሉ፤ ከተለቀቁበት ቦታም ብዙ አይርቁም። ምግብ ማለት ለእነሱ ከላይ የሚወድቅ እንክብል ነው፤ ስለዚህ ወደ ላይ እያዩ ይጠብቃሉ፣ የሚንቀሳቀስና የሚያብረቀርቅ ነገርንም ለመፈተሽ ይከተላሉ። ያኔ ደማቅ ቀለም ያለው፣ ቀስ እየተባለ የሚጎተት ትንሽ የላባ ዝንብ ይበቃል። አንድ ሳምንት አለፍ ሲል መንጋው ይበተናል፤ ግማሹ ወደ ጥልቁ፣ ግማሹ ወደ ሣሩ ዳር ይሄድና የውሃ ነፍሳትን መቅመስ ይጀምራል። በዚህ ጊዜ ያ ደማቅ ዝንብ ያስሸሻቸዋል። ሳምንታት ካለፉ በኋላ የቀሩት ደግሞ ሰው ያየ፣ ክር ያየ፣ መንጠቆ የቀመሰ ዓሣ ናቸው፤ እንደ ዱር ትራውት አክብራችሁ ካልቀረባችኋቸው አይያዙም።

የተለቀቀ ዓሣ ሞኝ ነው የሚለውን አባባል የማልቀበለው ለዚህ ነው። ያደገበትን ያውቃል፤ አዲሱን ቤቱን ደግሞ በየቀኑ ይማራል። እናንተስ በአጭር ሰዓት ውስጥ ምን ታደርጋላችሁ?

ላባና_መንጠቆ ጻፈች፦

ወንድሜ፣ አረፋውን ስላነሳህ አመሰግናለሁ። ብዙ ሰው ክብ ሞገድ ሲያይ ወዲያው ተንሳፋፊ ዝንብ አስሮ ይደክማል።

ስለ ሙሽሬው ዝንብ ከሚያስረው ሰው ወገን ልጨምር። ቀላልነቱ ነው ውበቱ። መንጠቆው ላይ ጥቁር ክር ከዓይኑ ጀምሬ እስከ ኩርባው ድረስ አንድ ንብር ብቻ አለብሳለሁ፤ ሁለተኛ ንብር ከደረበ ወፍሮ ይበላሻል። ቀጭን የመዳብ ሽቦ በሰፋፊ ርቀት እጠመጥምበታለሁ፤ የሰውነቱን ክፍልፋይ ያሳያል፣ ክብደትም ይሰጠዋል። ራሱ ጋ ስደርስ ክሩን ደጋግሜ ጠቅልዬ ትንሽ ጉብ አደርገዋለሁ፣ ከፊቱ ነጭ የሱፍ ጭረት አስሬ በመቀስ አሳጥራለሁ። ያ ነጭ ነገር የሙሽሬው መተንፈሻ ነው፤ ዓሣው የሚያየው እሱን ነው ብዬ አምናለሁ። መጨረሻ ላይ ቫርኒሽ አንድ ጊዜ ከቀባሁት ጥርስ አይፈታውም።

ቀለሙን በተመለከተ ጥቁር ብቻ አትያዙ። የትንኝ እጭ ጭቃ ውስጥ ሳለ ብዙ ጊዜ ቀይ ነው፤ ኦክስጅን በሚያንስበት ጭቃ ለመኖር በሰውነቱ ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከም ቀይ ሄሞግሎቢን ስላለው ነው። ስለዚህ ዓሣ ገጹ ላይ ካልታየ ቀይ እጭ ታች፣ ጥቁር ሙሽሬ ከሱ ግማሽ ሜትር ከፍ አድርጌ ሁለቱን በአንድ ሊደር ላይ አስራለሁ። የትኛውን እንደሚመርጡ ራሳቸው ይነግሩኛል። ሁለት ዝንብ መፈቀዱን ግን የውሃውን ደንብ አይታችሁ እሰሩ።

ለአዲስ የተለቀቁት ደግሞ ዉሊ በገር የሚባለውን፣ ጅራቱ ለስላሳ የማራቡ ላባ የሆነውን ዝንብ፣ በትንሹ አስራለሁ። የወይራ ቀለም ያለው ወይም ጥቁር ይሻለኛል። ማራቡ ቆሞም ይተነፍሳል፤ ዓሣው ተከትሎ ሲመጣ መጎተቱን ለአፍታ ብታቆሙት ያን ጊዜ ይይዛል።

አዲስ_ወርዋሪ ጻፈ፦

ሰላም እህቶችና ወንድሞች። በዝንብ ማጥመድ ገና እየተማርኩ ነው። እኔም ጋ ትራውት የሚለቀቅበት ትንሽ ኩሬ አለ፤ ግን ሁለት ነገር ያስቸግረኛል። አንደኛ፣ ከጀርባዬ ዛፍ ስላለ ገመዱን ወደ ኋላ መወርወር አልችልም። ሁለተኛ፣ ዓሦቹ ወደ ዝንቡ ይመጡና አፍንጫቸውን አስጠግተው ይመለሳሉ። ዘንጌ 2.7 ሜትር፣ የሚወረውረው ገመድ ክብደት ደግሞ ቁጥር 5 ነው። ሊደሩ አብሮት የመጣው ነው። ምን ልለውጥ?

ቀጭን_ክር ጻፈ፦

ዘንግህ በጣም ጥሩ ነው፤ ለእንዲህ ያለ ኩሬ ቁጥር 5 ወይም 4 ከበቂ በላይ ነው። አትለውጠው።

ስለ ዛፉ፦ በዝንብ ማጥመድ የሚወረወረው ገመዱ ነው፤ ዝንቡ ለመወርወር የሚበቃ ክብደት የለውም፣ ገመዱን ተከትሎ ይሄዳል። በተለመደው አወራወር ገመዱ ወደ ኋላ እስኪዘረጋ ይጠበቃል። ቦታ ከሌለ ግን የሚንከባለለውን አወራወር ተጠቀም። ገመዱ ፊትህ ውሃው ላይ ይሁን። ዘንጉን ቀስ እያልክ ወደ ኋላ ሳበው፤ እጅህ ጆሮህ አጠገብ ሲደርስ፣ የዘንጉም ጫፍ ትንሽ ወደ ኋላ ሲያዘነብል ቁም። ገመዱ ከዘንጉ ጫፍ ከክንድህ ጎን በኩል ወርዶ ግማሽ ክብ እስኪሠራ ጠብቅ። ይህች መቆም ናት ሁሉንም የምትወስነው። ከዚያ ወደ ፊት፣ መጨረሻዋ ላይ ፍጥነቱን ጨምረህ ዘንጉን በዓይንህ ከፍታ ላይ ድንገት አቁመው። ገመዱ እየተንከባለለ ይዘረጋል። ጅራፍ እንደሚያጮህ ሰው በጉልበት ከሆነ ግን ሊደሩ ይቋጠራል፣ ዝንቡም ሊበጠስ ይችላል። ስምንት ወይም ዘጠኝ ሜትር በዚህ መንገድ ማድረስ ይቻላል፤ ኩሬ ዳር የሚዞር ትራውት ደግሞ ብዙ ጊዜ ከዚያም ይቀርባል።

አስጠግተው ስለሚመለሱት ዓሦች፦ እዚያ ድረስ መምጣታቸው ዝንቡ መጥፎ አለመሆኑን ያሳያል። የሚመልሳቸው በአብዛኛው ክሩ ነው። የቲፔት፣ ማለትም ሊደሩ ጫፍ ላይ የሚቀጠለው ቀጭን ክር፣ ውፍረት በኤክስ ይለካል፤ ቁጥሩ ሲጨምር ክሩ ይቀጥናል። 4ኤክስ 0.18 ሚሊ ሜትር፣ 5ኤክስ 0.15፣ 6ኤክስ ደግሞ 0.13 ገደማ ነው። ከዘንግ ጋር የሚመጣ ሊደር ብዙውን ጊዜ አጭርና ጫፉ ወፍራም ነው። ጫፉ ላይ አንድ ክንድ ተኩል ያህል 5ኤክስ ቀጥልበት፤ ሙሽሬ ስታስር 6ኤክስም ይቻላል። ክሩ ከመጥበቁ በፊት ቋጠሮውን በምራቅ አርጥበው፤ ደረቅ ቋጠሮ ሲጠብቅ ይግልና ይደክማል።

ሌላው ራስህ ነህ። ትራውት ከውሃ ውጭ ያለውን የሚያየው ከራሱ በላይ ባለ ክብ መስኮት ነው፤ ብርሃን ውሃ ሲገባ ስለሚታጠፍ። የመስኮቱ ስፋት ከጥልቀቱ ሁለት እጥፍ ትንሽ ይበልጣል፤ 30 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ የሚዋኝ ዓሣ የሚያየው ክብ 70 ሴንቲ ሜትር አይሞላም። ከፍ ብሎ የቆመ ሰው በዚያ ክብ ዳር ላይ ይታየዋል፤ ዝቅ ያለ ግን ከሞላ ጎደል ይሰወራል። ስለዚህ ዳር ድረስ ሄደህ አትቁም። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሁን፣ ተንበርከክ፣ ጥላህም ውሃው ላይ አይውደቅ። እግርህንም ቀስ አድርገህ አሳርፍ፤ ንዝረቱን በጎናቸው ባለው መስመር ይሰሙታል።

ቀዝቃዛ_ምንጭ ጻፈ፦

ውይይቱ ጥሩ ነው፤ አንድ ነገር ግን ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ስለ መልቀቅ ስናወራ ሁልጊዜ ስለ አጥማጁ ደስታ ብቻ ነው የምናወራው። ውሃው ውስጥ አስቀድሞ የነበረውስ?

በአሜሪካ የሞንታና ክፍለ ግዛት የሆነውን አስታውሱ። የዓሣ ባለሙያው ዲክ ቪንሰንት በማዲሰን ወንዝ ላይ ባደረገው ጥናት፣ ከማራቢያ ጣቢያ ዓሣ መልቀቁ ሲቆም የዱር ትራውቱ ቁጥር ጨመረ። የተለቀቁት በብዛት ገብተው ቦታና ምግብ ይሻማሉ፣ የዱሩን ሥርዓት ያናጋሉ፤ ራሳቸው ግን ብዙዎቹ አይሰነብቱም። ክፍለ ግዛቱ በ1974 እ.ኤ.አ. የዱር ትራውት ባለባቸው ወንዞች ውስጥ መልቀቁን አቆመ። እስከ ዛሬም በዱር ትራውቱ የታወቀ ነው።

በሽታውም አለ። ሚክሶቦለስ ሴሬብራሊስ የተባለው ጥገኛ ተሕዋስ የትንንሽ ትራውቶችን ለጋ አጥንት ይበላል፤ ዓሣው ሚዛኑን ስቶ በራሱ ዙሪያ ይሽከረከራል። ከአውሮፓ ተነስቶ ወደ ሌሎች አህጉራት የተዛመተው በዓሣ ዝውውር ነው። አንድ ጊዜ ወንዝ ከገባ ማውጣት የለም።

ስለዚህ ቤቴ አጠገብ ዓሣ ይለቀቅልኝ ማለት ቀላል አይደለም። የትኛው ውሃ ላይ ነው የሚለው ቀድሞ ይጠየቅ።

የኩሬው_ዳር ጻፈ፦

@ቀዝቃዛ_ምንጭ በዚህ ከአንተ ጋር ነኝ፤ አንድም የምቀንሰው የለኝም። የዱር ትራውት ራሱን እየተካ በሚኖርበት ወንዝ ውስጥ የማራቢያ ዓሣ እንዲገባ አልፈልግም።

የምናገረው ግን ስለ ሌላ ዓይነት ውሃ ነው። ወደ ወንዝ መውጫ የሌለው ኩሬ፣ ትራውት ሊራባበት የማይችል፤ ምክንያቱም ትራውት እንቁላሉን የሚጥለው ንጹህ ውሃ በሚፈስበት ጠጠር ውስጥ ነውና። እንዲህ ባለ ቦታ የሚለቀቀው ዓሣ ተይዞ ወይም ዕድሜው አልቆ ያልቃል፤ ማንንም አይሻማም። ብዙ ማራቢያ ጣቢያዎች ደግሞ መካን ዓሣ ያዘጋጃሉ። እንቁላሉ ከተዳቀለ ብዙም ሳይቆይ በከፍተኛ ግፊት ወይም በሙቀት ይመታል፤ በዚህም ሁለት በሚሆንበት ቦታ ሦስት ስብስብ ክሮሞዞም ይዞ ያድጋል፣ ዘር አይተካም። አምልጦ ወንዝ ቢገባ እንኳ ከዱሩ ጋር አይዳቀልም።

የመልቀቅን ታሪክ ሳስብ የሚገርመኝ የሰው ልፋት ነው። በ1864 እ.ኤ.አ. የቡናማ ትራውት እንቁላል በእርጥብ የድንጋይ ሽበት (ሞስ) እና በበረዶ ተጠቅልሎ፣ ኖርፎክ በተባለች መርከብ ከእንግሊዝ ተነስቶ፣ የምድር ወገብን ሐሩር አቋርጦ ታዝማኒያ ገባ። ለወራት በባሕር ላይ ሳይፈለፈል፣ ሳይሞት ደረሰ። ትራውት በደቡቡ የዓለም ክፍል የተስፋፋው ከዚያ በኋላ ነው። ያኔ ማንም ስለ አገሬው ዓሣ አልጠየቀም፤ በአውስትራሊያና በኒውዚላንድ ጋላክሲድ የሚባሉት ትንንሽ የአገሬው ዓሦች ለዚህ ብዙ ዋጋ ከፍለዋል። አንተ ያነሳኸው ጥያቄ ያኔ ተነስቶ ቢሆን ኖሮ ብዬ አስባለሁ።

ቤት አጠገብ ያለ የተዘጋ ኩሬ አንድ ጥቅምም አለው። እዚያ የሚያጠምደው ሰው ሁሉ የዱሩን ወንዝ ለዚያች ቀን ያሳርፈዋል።

ሰማያዊ_ክንፍ ጻፈች፦

ወንድሞቼ፣ ስለ አለቃቀቁም እናውራ። ዓሣን በክብር ይዞ በክብር መመለስን እንደ ተራ ነገር የሚያልፉ ሰዎች አሉ፤ እኔን ያሳዝነኛል።

በ1992 እ.ኤ.አ. ፈርገሰንና ተፍትስ የተባሉ ተመራማሪዎች ያሳተሙት ጥናት አለ። ሬይንቦ ትራውቶችን እስኪደክሙ ካዋኙ በኋላ ከፊሎቹን ከውሃ አውጥተው ያዟቸው። ከውሃ ካልወጡት የሞቱት 12 በመቶ ናቸው። ለ30 ሰከንድ አየር ላይ ከቆዩት 38 በመቶ፣ ለአንድ ደቂቃ ከቆዩት 72 በመቶ ሞቱ። አንድ ደቂቃ ማለት ሰው ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ፎቶ እስኪነሳ ነው። ስንጥባቸው ውሃ ከሌለ ተጣብቆ ይተኛል፤ ደማቸው ኦክስጅን በጣም በሚሻበት ሰዓት መተንፈሻቸውን እንዘጋዋለን።

እኔ የማደርገው ይህን ነው። መረቤ ጎማ ነው፤ ቋጠሮ ያለው የክር መረብ ቅርፊቱንና በላዩ ያለውን ልጋግ ይፍቃል፣ ያ ልጋግ ደግሞ ከሻጋታና ከበሽታ የሚጠብቀው ልብሱ ነው። እጄን ሳላርስ አልነካም። መንጠቆዬ ላይ ያለችውን ወደ ኋላ የዞረች ሾህ ገና ሳልወረውር በጉጠት እጨፈልቃታለሁ፤ ዓሣው መረቡ ውስጥ ሆኖ መንጠቆውን በትንሹ ወደ ኋላ ስገፋው ይወጣል። ከዚያ ራሱን ንጹህ ውሃ ወዳለበት አዙሬ ደግፌ እይዘዋለሁ። በራሱ ጉልበት እስኪሄድ አልገፋውም። ክሩን እጅግ ማቅጠንም ልክ አለው፤ በ7ኤክስ ለረጅም ጊዜ የታገለ ዓሣ ሲደርስ አልቋል።

ለመብላት የሚወሰድ ከሆነ ደግሞ፣ በተዘጋ ኩሬ የሚለቀቀው ለዚሁ ነውና ምንም ነውር የለውም፤ ወዲያው ራሱ ላይ በአንድ ምት ይገደል። ባልዲ ውስጥ እየተንፈራገጠ መቆየት የለበትም። የተፈቀደው ቁጥር ሲሞላም መንጠቆ ከውሃ ይውጣ።

የልጆች_እናት ጻፈች፦

እህቴ ሰማያዊ_ክንፍ፣ ያቺን ሾህ መጨፍለቅ ለሰውም ነው። ልጆቼን ይዤ ስለምሄድ በጣም አጥብቄ የምለው ነገር ነው። መንጠቆ ልብስ ላይ ሲሰካ፣ ጣት ላይ ሲሰካ፣ ሾህ ከሌለው በቀላሉ ይወጣል። ለዓይናቸው መነጽር ግዴታ ነው፤ ያለ መነጽር ውሃ ዳር አያልፉም። ፖላራይዝድ ከሆነ ደግሞ የውሃውን ነጸብራቅ ስለሚቀንስ ዓሣውን ከነመንገዱ ያያሉ፣ እሱ ራሱ ያስደስታቸዋል።

ለልጅ ሁለት ሰዓት እንኳ ይረዝማል። ዓሣው ከተለቀቀ በኋላ ባሉት ቀናት ነው የምወስዳቸው፤ ሲዞሩ ስለሚታዩ ልጆቹ አይሰለቹም። ትልቋ ልጄ ድንጋይ እየገለበጠች ከሥሩ የሚጣበቁትን ነፍሳት ማየት ከመወርወሩ ይልቅ ትወዳለች። ጠጠር እየለቀመ ቤቱን የሚሠራውን የካዲስ እጭ አንድ ጊዜ መዳፏ ላይ አስቀምጣ፣ ራሱን አውጥቶ እስኪያይ ትንፋሿን ይዛ ጠበቀችው፤ ወደ ቦታውም መልሳ፣ ድንጋዩን እንደነበረ ከደነችው። ያን ቀን ዘንግ አልነካችም፣ እኔም አላስገደድኳትም።

አዲስ_ወርዋሪ ጻፈ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የሚንከባለለውን አወራወር ሣር ላይ ሞከርኩት፤ ግን ገመዱ አይንከባለልም፣ ይጎተታል። ሌላም ጥያቄ፦ ነፋስ ሲበዛ መሄድ ተገቢ ነው?

ቀጭን_ክር ጻፈ፦

ሣር ላይ አይሠራም ወንድሜ፤ ጥፋቱ ያንተ አይደለም። ውሃው ገመዱን በትንሹ ሲይዘው ነው ዘንጉ የሚለመጠው። ውሃ ላይ ተለማመደው፣ በሊደሩ ጫፍ ከዝንብ ይልቅ ትንሽ የሱፍ ቁራጭ አስረህ።

የኩሬው_ዳር ጻፈ፦

ነፋስ በኩሬ ላይ ጓደኛ ነው፣ በተለይ ቀለል ያለው። ገጹን ስለሚሰብረው ዓሣው ክሩንም አንተንም አጥርቶ አያይም። ተንሳፋፊ ነፍሳትን ደግሞ እየገፋ ወደሚነፍስበት ዳር ያከማቻል። ስለዚህ ነፋሱ ወደሚያርፍበት ዳር ሂድ፣ ከነፋሱ ጎን ቁምና ገመዱን አግድም ጣለው። ሞገዱ ዝንብህን በራሱ ይወስደዋል፤ አትጎትት፣ ገመዱ እንዳይላላ ብቻ በጣትህ ቀስ እያደረግህ ሰብስብ። ገጽ አካባቢ የሚበሉ ትራውቶች ብዙውን ጊዜ ወደ ነፋሱ አፍጥጠው ነው የሚዋኙት፤ ስለዚህ ከየት እንደሚመጡ ቀድመህ ታውቃለህ። ነፋሱ ከዘንግህ እጅ በኩል ከመጣ ግን ቦታ ቀይር፤ ዝንቡን ወደ ፊትህ ይገፋዋል።

ቀዝቃዛ_ምንጭ ጻፈ፦

አንድ ነገር ልጨምርለት። ከዚያ ኩሬ ወደ ሌላ ውሃ የምትሄድ ከሆነ ጫማህን፣ መረብህንና ቦት ሱሪህን ጭቃውን አራግፈህ በንጹህ ውሃ እጠብ፣ እስኪደርቅም ስቀለው። ከታች ጨርቅ የተለጠፈበት ጫማ እርጥበት ለረጅም ጊዜ ስለሚይዝ ለዚያ ኩሬ ብቻ ቢሆን ይመረጣል፤ በአንዳንድ ቦታ ጭራሹኑ የተከለከለ ነው። ከኩሬው ዓሣ በባልዲ ይዘህ ወደ ሌላ ውሃ ማዛወርን ደግሞ በፍጹም አታስበው።

አዲስ_ወርዋሪ ጻፈ፦

ገባኝ። የኩሬው ተቆጣጣሪ ዓሣው የተለቀቀው ባለፈው ሳምንት መጀመሪያ ላይ እንደሆነ ነግሮኛል። እንግዲያው አሁን እየተበተኑ ነው ማለት ነው? ጥቁር ሙሽሬ በ5ኤክስ ልጀምር ወይስ በትንሿ ዉሊ በገር?

ላባና_መንጠቆ ጻፈች፦

መሀል ላይ ናቸው። መጀመሪያ የተለቀቁበት ቦታ ሄደህ ተመልከት፤ መንጋው አሁንም እዚያ ካለ ዉሊ በገሯን አስረህ ቀስ ብለህ ጎትት። ሁለቴ ሦስቴ ተከትለው ከተመለሱ ሙሽሬውን እሰር፣ ወደ ሣሩ ዳር ውረድ፣ አትጎትት። ያን ጊዜ የሊደሩን ጫፍ ብቻ እይ።